ዶክቶራ ሰብለና ሁለቱ ምስክሮች

ዶክቶራ ሰብለ መሞቷን የሰማሁት ከናስር ሲቲ ወደ ሥራ በሚወስደኝ ሚክሮባስ ውስጥ፣ ሁለት ወፋፍራም ሰዎች መሃል ተጣብቄ ነው። ታናሽ እህቷ ጽጌ ደውላ «ሂሩትዬ፣ እህቴ ዐረፈች» አለችኝ። «ነፍስ ይማር፣ ጽጌዬ» አልኩና ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አላለቀስኩም። ሾፌሩ ሂሳብ አሳልፉ እያለ ይጮኻል፣ አንዱ ጎረቤቴ ሳንድዊች ይበላል፣ እኔ ደግሞ አሁን ማን ይሰድበኛል ብዬ አሰብኩ።

ለቅሶ ስሄድ ሄሊዮፖሊስ ያለው ቤቷ በካይሮ አበሻ ጢም ብሏል። አንዷ «እንዴት ያለች ደግ ሴት!» ትላለች። ሌላዋ «አፏ ማር ነበር እኮ» ብላ ትቀበላታለች። ማር! በማርያም፣ ሳቄን ለመዋጥ ነጠላዬን አፌ ላይ መጫን ነበረብኝ። ያ አፍ ስንት ሰው አስለቅሷል። ሬሳዋ ቢሰማ ኖሮ ከሳጥኑ ተነስቶ «ማነሽ አንቺ ውሸታም?» ይላት ነበር። ስለዚህ ሌላው የፈለገውን ይበል፣ እኔ የማውቀውን ልናገር። ዶክቶራ ሰብለ ደግ አልነበረችም። ሥራዋን አጥርታ የምታውቅ ክፉ ሴት ነበረች።

ዶክቶራ ስላት በሽተኛ የምታክም እንዳይመስላችሁ። በሽተኛ አታይም። የምታየው ከበሽተኛ የተቆረጠ ሥጋ ነው፣ ያውም በማይክሮስኮፕ። አባቷ ስደት ሲወጡ ልጅ ሆና ነው ካይሮ የመጣችው። እዚሁ ሕክምና ተማረች፣ እዚሁ ፓቶሎጂስት ሆነች፣ ሳታገባ እዚሁ አረጀች። ትሠራበት የነበረው ላብራቶሪ ሄሊዮፖሊስ ውስጥ የአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ላይ ነው። ባለቤቱ ዶክተር ሃኒ የሚባል፣ ኪሱ ከረሜላ የማይታጣበት፣ ሰው ሲከፋው ማየት የማይችል ግብፃዊ ነው። ሁለቱ እንዴት እንደሚዋደዱ ለማንም አይገባም ነበር።

እኔ ካይሮ ተወልጄ ያደግሁ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ሥራ ስፈልግ «እዚያ አበሻ ዶክቶራ አለች» ሲሉኝ ዘመድ ያገኘሁ መስሎኝ እየዘለልኩ ሄድኩ። በሩ ላይ እጅ ነሳሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክቶራ፣ እንደምን አደሩ?»

ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም። «አንቱታሽን ለቄስሽ አስቀምጪው። አንቱ የሚባል ሰው ሲሳሳት የሚነግረው ያጣል። እኔ ስሳሳት ትነግሪኛለሽ። አንቺ ስትሳሳቺ እኔ እነግርሻለሁ። መቼም አንቺ ትበዢያለሽ፣ ከአገባብሽ ያስታውቃል።»

እንግዲህ በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት አንቺ እያልኩ መሥራት ጀመርኩ። እናቴ ስትሰማ «ባለጌ ሆነሽ ቀረሽ» አለችኝ።

ሥራችን ምን መሰላችሁ? ከበሽተኛው ዕጢ የተቆረጠው ሥጋ በሰም ተቀብሮ ይመጣል። ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስተን እንቆርጠውና መስታወት ላይ እናነጥፈዋለን። በተለመደው ቀለም ከታየ ብዙው ክፉ ዕጢ ይመሳሰላል፤ ሮዝና ወይን ጠጅ ብቻ ነው። ከየት እንደተነሳ፣ በምን መድኃኒት እንደሚሸነፍ አይናገርም። ስለዚህ በፕሬዠር ኩከር እንቀቅለዋለን፣ አዎ፣ ስጋ ወጥ በሚሠራበት ዓይነት ድስት፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ፈልጎ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል እናፈስበታለን። የሚፈልገውን ካገኘ ይጣበቅና በላዩ የምንጨምረው ቡናማ ቀለም ቦታውን ቡናማ ያደርገዋል። ካላገኘ ታጥቦ ይሄዳል፣ ሥጋው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ቡናማ ማለት አለ ነው። ሰማያዊ ማለት የለም።

ቀላል ይመስላል። ግን ቀለም ይዋሻል። ፀረ እንግዳ አካሉ ከወፈረ ወይም ቡናማው ቀለም ከልኩ በላይ ከቆየ የሌለውም ያለ ይመስላል። ስለዚህ ዶክቶራ በየመስታወቱ ጫፍ፣ ከበሽተኛው ሥጋ ጎን፣ የሌላ ሰው ሁለት ትንንሽ ቁራጮች ታስቀምጥ ነበር። ሌላው ኮንትሮል ይለዋል፣ እሷ ምስክር ትለዋለች። አንደኛው ቡናማ መሆን ያለበት ነው፣ ሁለተኛው በምንም ዓይነት ቡናማ መሆን የሌለበት። ቡናማ መሆን ያለበት ሰማያዊ ከቀረ መስታወቱ ደንቆሮ ነው። ሰማያዊ መሆን ያለበት ቡናማ ከሆነ መስታወቱ ውሸታም ነው። ሁለቱም ዕጣ ፈንታቸው ቅርጫት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን የኔን ውሸታሞች አንድ በአንድ እያነሳች ቅርጫት ውስጥ ትለቃቸው ነበር። ቀሽ ሲሉ ጣቷን ወደ ጆሮዋ ታነሳለች።

«ሰማሽ? ይሄ ከዚህ በር ቢወጣ ኖሮ አንድ ቤት ገብቶ ሰው ይገድል ነበር። ገዳይ ይዘን ነው የዋልነው፣ እመቤቲቱ።»

ሁለተኛው ሕጓ ስለ ስም ነው። መስታወቱን ቀለም የምንቀባበት ክፍል፣ ቀለም ቤት፣ የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው፣ የበሽተኛ ስም አይገባም። አንድ ቀን ምን ችግር አለው ብዬ ብጠይቃት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ስሟን ካወቅሽ እጅሽ ያዝናል። ያዘነ እጅ ደግሞ ቡናማውን ትንሽ ያቆየዋል። እኔ እጅሽን ነው የቀጠርኩት፣ ሐዘንሽን እቤትሽ ጥደሽው ነይ።»

እኔ ሐበሻ ስለሆንኩ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ኧረ ለማንም አትመለስም። አብራኝ የምትሠራ ሪሃም የምትባል ግብፃዊት ነበረች፣ ሠርጓ የደረሰ፣ ሐሳቧ ሁሉ መጋረጃና ሶፋ። አንድ ረመዳን ጾም አድክሟት መስታወቶቹን ሳታረጥብ ረሳቻቸውና ደርቀው ተበላሹ። ዶክቶራ ሁላችንም ባለንበት ወደሷ ዞረች።

«እንግዲህ ባልሽም እንዲህ አድርቆ ያስቀርሽ።»

ለሙሽራ ይባላል ይሄ? ሪሃም ሽንት ቤት ገብታ ዋይ ዋይ አለች። ዶክተር ሃኒ ጾመኛ መሆኗን ረስቶ ከረሜላውን ይዞ በሩ ላይ «ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ ግድ የለም» ሲል ዋለ። ዶክቶራ ግን ምሳዋን በላች።

ስለ ትርሲት ሳልነግራችሁ አላልፍም። ትርሲት ኒው ካይሮ ሰው ቤት የምትሠራ የደሴ ልጅ ናት። ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ከማዳሟ ጋር ውጤት ልትወስድ መጣች። ማዳም ሽቶዋ ከሷ በፊት ገብቶ፣ በዐረብኛ «ቀስ ብለሽ ንገሪያት፣ ልጅቷ ስስ ናት፣ ደግሞ እንግዶች አሉብኝ» አለቻት። ዶክቶራ እሷን እንደ ወንበር ቆጥራ አለፈቻትና ለትርሲት በአማርኛ ተናገረች።

«ካንሰር ነው። ጡትሽን ይቆርጡታል። ቀለሙ ቡናማ ወጥቷል፣ ስለዚህ ኪኒን አለሽ፣ ለዓመታት በየቀኑ ትውጫለሽ። ካልዋጥሽ ትሞቻለሽ። ከዋጥሽ ሳትኖሪ አትቀሪም። ይቺ ሴትዮ ወደ ሀገርሽ ልስደድሽ ካለችሽ፣ ኪኒኑን ሳትይዢ እግርሽን እንዳታነሺ። አሁን አታልቅሺ። ስታለቅሺ ልታይሽ ነው የምትፈልገው።»

ትርሲት አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ፍሪጁ ጀርባ ተደብቄ። አንድ «አይዞሽ» ምን ይጎድልባት ነበር? ይህንኑ ስላት «አይዞሽ የሚል መድኃኒት ቤት ካገኘሽ ግዢላት» አለችኝ። ትርሲት እስከ ዛሬ አለች፣ ለቅሶውም ላይ ነበረች። አፏ ማር ነበር ካሉት መሃል እንዳልነበረች ግን እምላለሁ።

ከዚያ የራሷ ተራ መጣ።

ዶክቶራ ለተወሰነ ጊዜ ሥራ አልገባችም። ተመልሳ ስትመጣ «ምን ሆነሽ ነው?» ብላት «አያገባሽም» አለችኝ። በዚያው ሰሞን ዶክተር ሃኒ በሰም የተቀበረ አንድ ሥጋ ራሱ በእጁ ይዞልኝ መጣ። እሱ በእጁ ምንም አምጥቶ አያውቅም፣ ተላላኪ አለው። ከረሜላም አልሰጠኝም። ቁጥር ብቻ ተጽፎበታል፣ የጡት ዕጢ ነው፣ ለጡት የምንሠራቸው ሦስቱ ቀለሞች ይሠሩ ተባልኩ። ሠራሁ። ምስክሮቹ አንድ ሳይቀር ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ቡናማው ቡናማ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ። ዕጢው በሦስቱም መስታወት ሰማያዊ ነው። ጥርት ያለ ሰማያዊ። ለዶክቶራ አስቀመጥኩላት።

አየችውና «ድገሚው» አለች።

ደገምኩት። ያው ሰማያዊ።

«ድገሚው።»

ያኔ ደነገጥኩ። ምስክሮቹ ደህና ከሆኑ ዶክቶራ ደግማ አሠርታ አታውቅም። እንዲያውም አንድ ሐኪም በስልክ «እባክሽ አንዴ ይደገም» ሲላት «ምስክር አቁሜ ሰምቻለሁ፣ አንተ ደግሞ ጠንቋይ ጠይቅ» ብላ ዘግታበታለች። ምን ነካት እያልኩ ሳያት ከወንበሯ ተነሳች። ግራ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ ይዛዋለች፣ ጋዎኗን በአንድ እጇ ለማውለቅ ትታገላለች። ላግዛት ብጠጋ በክርኗ ገፋችኝ። ገባኝ። የገዛ ሥጋዋን ነው ስቆርጥ የሰነበትኩት። አምላኬ!

እንግዲህ ነገሩ ምን ላይ እንደቆመ ልንገራችሁ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቡናማ ቢሆን እንደ ትርሲት ኪኒን፣ ወይም ለሷ የተመቸ ሌላ መድኃኒት አለላት። ሦስቱም ሰማያዊ ከሆነ የሚቀረው ጸጉር የሚነቅለው፣ አንጀት የሚገለብጠው ከባዱ መርፌ ነው፣ ያውም ዕጢው እሺ ካለው። ሰማያዊውን ቡናማ ብሎ መጻፍ ደግሞ ሰውን ማጽናናት እንዳይመስላችሁ። ኪኒኗን እየዋጠች ዕጢው እንደልቡ እንዲያድግ መልቀቅ ነው። ይህንን ከሷ በላይ የሚያውቅ ሰው ካይሮ ውስጥ የለም።

በማግስቱ ስገባ ቀለም ቤቱ ከውስጥ ተቆልፏል። ሪሃም «ዶክቶራ ራሷ እየሠራች ነው» አለችኝ። ዶክቶራ በእጇ ቀለም ከነካች ስንት ዘመኗ! ስትወጣ ጣቶቿ ቡናማ ሆነዋል፣ ጓንት እንኳ አላጠለቀችም። አንድ መስታወት ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠችና ወንበሩን በእግሯ ወደኔ ገፋችው።

«እዪው።»

ተቀመጥኩ። አየሁ። ዕጢው ቡናማ ነው! ቀጭን ሻይ የመሰለ፣ ፈዛዛ፣ ግን ቡናማ። እኔ ተሳስቼ ነው፣ እኔ ደደቧ አበላሽቼው ነው፣ ተመስገን አልኩ በሆዴ። ከዚያ እጄ ለምዶበት መስታወቱን ወደ ጫፍ ገፋው፣ ወደ ምስክሮቹ። ቡናማ መሆን የሌለበት ምስክር ቡናማ ነው። በሥጋው ዙሪያ ያለው ጮማ ሳይቀር ቡናማ ነው። መስታወቱ በሞላ ቡና የተደፋበት ነው የሚመስለው።

ቀና ስል ዶክተር ሃኒ በሩ ላይ ቆሟል። «ቡናማ ነው አይደል? አልሐምዱሊላህ!» አለ በዐረብኛ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ትንሽ ቡናማ ብለን እንጻፈው። የምፈርመው እኔ ነኝ፣ እኔ እፈርማለሁ። ሂሩት፣ ቡናማ ነው በይ።»

ዶክቶራ እሱን አላየችውም። እኔን ነው የምታየው።

«ዕጢው ምንድነው?»

«ትንሽ ቡናማ።»

«ምስክሩስ?»

ዓይኗ ለመነኝ። ለምና የማታውቅ ሴት፣ እግዜርንም ስትለምን ያላየኋት ሴት፣ በዓይኗ ለመነችኝ። ምን ነበረበት አዎ ብልስ? ሁለቱ ሐኪሞች ናቸው፣ እኔ ማነኝ? እሱ ይፈርማል፣ እሷ ትደሰታለች፣ እኔ ቤቴ እሄዳለሁ። ግን ያች ክፉ ሴት ያን ሁሉ ዓመት ስትሰድበኝ የከረመችው ለዚህች ቀን ካልሆነ ለምን ነበር?

«ምስክሩም ቡናማ ነው» አልኳት። «ይሄ ውሸታም ነው ዶክቶራ። ከልኩ በላይ አቆይተሽዋል።»

ዶክተር ሃኒ «ሂሩት!» ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ዶክቶራ ግን «ዓይንሽ ይጥፋ» አለችኝ። አልጮኸችም፣ ቀስ ብላ ነው የረገመችኝ፣ ከልቧ ነው። ከዚያ ወደሱ ዞራ በዐረብኛ «የመጀመሪያውን ጻፍ። ሦስቱም ሰማያዊ» አለችው። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

እንግዲህ መጽሐፍ ቢሆን አመስግናኝ፣ አቅፋኝ፣ «ልጄ፣ ኮራሁብሽ» ትለኝ ነበር። አላለችም። መርፌውን ጀመረች። ጸጉሯ አለቀ። ያ ወገቧ የሚደርስ፣ ከዚያ ክፉ አፍ ጋር ብቸኛው ጌጧ የነበረ ጸጉር። ዊግም ሻሽም እምቢ አለች፣ መላጣዋን ሥራ ትገባ ነበር። ባልዲ አጠገቧ አስቀምጣ ታስመልሳለች፣ አፏን ትጠርግና ወደ ማይክሮስኮፑ ትመለሳለች። የኔን መስታወት ግን አትነካም። ጥሩ ጥሩውን ሥራ ሁሉ ለሪሃም ሰጠቻት። ይባስ ብላ ሪሃምን «ሐቢብቲ»፣ የኔ ውድ፣ ማለት ጀመረች! እኔ እንድሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ምስኪን ሪሃም ምን እንዳጠፋች ስላልገባት የባሰ ፈራች። እኔ «ዓይናማዋ» ሆንኩ። «ዓይናማዋን ወለሉን ትጥረግ በያት። ዓይናማዋ ውሃ ትቅዳ።» ጠረግሁ። ቀዳሁ። ማታ ማታ ደግሞ በንዴት ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

መርፌው ለተወሰነ ጊዜ ዕጢውን እንዲያፈገፍግ አደረገው። ከዚያ እንደገና ተነሳና ሳንባዋ ውስጥ ገባ። አልጋ ላይ ስትውል ልጠይቃት ሄድኩ። ጽጌ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ከስታ መንምና አልጋው ላይ ሰው ያለ አይመስልም፣ ምላሷ ብቻ ነው ያልከሳው።

«ምን ልታዪ መጣሽ? ቀለሜን?»

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት ዶክቶራ። ሐኪሞቹ መርፌው ባይኖር ኖሮ ይሄን ያህል አትቆይም ነበር ብለዋል አሉ።» የማጽናና መስሎኝ ነው እኮ።

«ቆየሁ?» አለች። ልትስቅ ብላ ሳል ያዛት። «ይሄ መቆየት ነው? ባልዲ ላይ ተደፍቼ ነው የቆየሁት። ያን ቀን ብትዋሺኝ ኖሮ ኪኒኔን እየዋጥኩ፣ ጸጉሬን እያበጠርኩ፣ ድኛለሁ እያልኩ ቶሎ እሞት ነበር። ከነጸጉሬ እቀበር ነበር።»

«አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ።»

«አዎ፣ እኔው ነኝ። ከሪሃምም ከማንም በላይ ተማርሽ። እንዳንቺ ያለ ተማሪ ጠላቴንም አይግጠመው። ውጪልኝ አሁን።»

ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሆኜ በሆዴ ሰደብኳት፣ አቅሜ የቻለውን ያህል ሰደብኳት። ደግሞ እንዲህ ብላ ስላባረረችኝ የምቀር መስሏት! በሳምንቱ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ጽጌ በሩን ገርበብ አድርጋ በቀዳዳው ብቅ አለች። ጽጌ ደግ ናት፣ ሰው ሲከፋው አትወድም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አባበለችኝ።

«ውይ ሂሩትዬ፣ አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት እኮ። ሌሊቱን ስትሰቃይ ነው ያደረች። ስትነቃ መምጣትሽን እነግራታለሁ፣ ደስ ይላታል።»

«ግድ የለም፣ ትተኛ» ብዬ ሳልጨርስ ከውስጥ ያ የተሰባበረ ድምፅ መጣ። ትንፋሽ አጥሮት፣ በየቃሉ እየቆመ።

«አልተኛሁም! ለምን ትዋሺያታለሽ? ላያት አልፈልግም በያት!»

ጽጌ ፊቷ በርበሬ መሰለ፣ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ከዚያ ብርቱካኑን ከእጄ ተቀበለችኝና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።